የሠላሳ አንደኛው ቱቦ ኩርፊያ

ርክክብ የሚጀመረው ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ላይ ነው። በ2112 ዓ.ም. ድሬዳዋ ውስጥ ጡረታ የሚወጣ ሰው ሁሉ ከዚራ ሰፈር ወዳለው ቢሮ ዘጠና ጠዋት ይመላለሳል። አንድ ወንበር ብቻ ካለበት ክፍል ይገባል፤ በሩ ይዘጋል፤ ተረካቢው፣ ግድግዳው ውስጥ ያለው ማሽን፣ ይጠይቃል፤ ሰውየው ይመልሳል። አናጢ አናጢነቱን ያስረክባል፣ አዋላጅ አዋላጅነቷን። የባቡር መካኒክ ጆሮውን ሳይቀር ያስረክባል፤ የትኛው ብረት ሊሰበር ሲል እንዴት እንደሚያፏጭ። በመጀመሪያው ወር ተረካቢው የሚናገረው በራሱ ድምፅ ነው። ሁለተኛው ወር ሲገባ በአስረካቢው ድምፅ ይናገራል። ከዘጠናኛው ቀን በኋላ አስረካቢው ያንን ሥራ መሥራት አይፈቀድለትም። አያስፈልግም ይባላል።

ሳቢያን ሰፈር የሚኖረው ፀጉር አስተካካይ ጌትነት ካስረከበ ሦስት ዓመቱ ነው። ልጆቹ ምክር ሲፈልጉ የሚጠይቁት ግድግዳውን ነው። ግድግዳው በጌትነት ድምፅና በጌትነት ቀልድ ይመልስላቸዋል። ጌትነት ሶፋው ላይ ተቀምጦ ያዳምጣል። አንድ ቀን "ትክክል ነው፣ እንደዚያ አድርጉ" ብሎ ጣልቃ ሲገባ ትንሿ ልጁ "አባባ፣ አንተን አይደለም እኮ የጠየቅነው" አለችው። ሰፈሩ ይህንን እንደ ቀልድ ያወራዋል።

ፕሮፌሰር ውዳላት አየነው በሰማንያ ስምንተኛው ጠዋት ወንበሩ ላይ ስትቀመጥ ስልሳ ስምንት ዓመቷ ነበር። ከደብረ ማርቆስ ወደ ድሬዳዋ የመጣችው በሃያ ሰባት ዓመቷ ነው። ሥራዋ ባዶ መሥራት ነበር። ምን ትሠሪያለሽ ሲሏት የምትመልሰው እንደዚያ ነበር፤ እየቀለደችም አልነበረም። ክንድ የሚያህል ቱቦ ከመስታወትና ከሴራሚክ ይሠራል፤ ውስጡ ያለው አየር በፓምፕ ተስቦ ይወጣል፤ የቀረው ባዶ ለኤሌክትሪክ በር ይሆናል። ካፓሲተሮች ቀስ ብለው ያጠራቀሙትን ጉልበት በሩ በቅጽበት ይለቀዋል። ለሰከንድ ሚሊዮንኛ ያህል አንድ ከተማ የሚያበራ ኃይል ያልፍበታል፤ ከዚያ ይዘጋል፤ ይህ አንድ ምት ይባላል።

ባዶ ሁሉ ግን ባዶ አይደለም። በመስታወቱ ቆዳ ውስጥ የተደበቀ ጋዝ፣ አንድ የጣት አሻራ፣ አንዲት የላብ ጠብታ ከጊዜ በኋላ ወጥታ በሩን ትገድለዋለች። ስለዚህ ቱቦው ከመዘጋቱ በፊት ፓምፑ እየሳበው ምድጃ ላይ ይጋገራል፤ የደበቀውን እንዲተፋ። ውዳላት ሠላሳ ቱቦ ጋግራ ሠላሳውም ሞተውባታል። አንዳንዱ በወር፣ አንዳንዱ በሳምንት። ሠላሳ አንደኛው ግን ይኸው ሃያ ሰባት ዓመቱ፣ አልሞተም።

"ቱቦ ሠላሳ አንድ" አላት ተረካቢው በራሷ ድምፅ። "እንደ ሥራ ደብተርሽ ሦስት ቀን፣ በአራት መቶ ዲግሪ፣ ሙቀቱ ሳይለዋወጥ ተጋግሯል። በስሌቱ መሠረት ዕድሜው አርባ ሺህ ምት ነው። ቆጣሪው ሁለት ሚሊዮን አንድ መቶ ሺህ ይላል። ምክንያቱ ምንድን ነው?"

"ዕድል።"

"ዕድል ምክንያት አይደለም። ለተማሪዎችሽ እንዲህ ትዪ የነበርሽው አንቺ ነሽ።"

ውዳላት ግድግዳውን አየችው። ድምፁ የእሷ ነበር፤ ንግግሯን ስትጨርስ ድምፅ ዝቅ የማድረግ ልማዷ እንኳ አልቀረም።

"እንግዲያው አላውቅም" አለች።

"አላውቅም የሚለው መልስ እስከ ዘጠናኛው ቀን ይጠበቃል።"

ከክፍሉ ስትወጣ የርክክብ ኃላፊው ኬብሮን ቆሞ ጠበቃት። ሠላሳ ዓመት ያልሞላው፣ ሸሚዙ ላይ እጥፋት የማይታይበት ልጅ ነው። ባለጌ አልነበረም። ባለጌ ቢሆን ኖሮ ውዳላት ልክ ታስገባው ነበር።

"ፕሮፌሰር፣ አይጨነቁ" አላት። "ያልተብራራ ነገር በዘጠናኛው ቀን የልኬት ስህተት ተብሎ ይዘጋል። የእርስዎ ፋይል ንጹሕ ነው። ሙሉ ስም ያገኛሉ።"

ሙሉ ስም ማለት ከዚያ በኋላ የትም አገር፣ ማንም ሰው በእሷ ሥራ ላይ የቆመ መልስ ከስሌቱ፣ የተረከበውን ዕውቀት ሁሉ ከያዘው ማሽን፣ ባገኘ ቁጥር ስሟ ይጠራል ማለት ነው። ከሺህ አስረካቢ አንድ ሰው ያገኘዋል።

"ቤተ ሙከራውስ?"

"ሰኞ ይፈርሳል። ቀሪ መሣሪያ የሚቆየው ባለቤቱ እስኪያስረክብ ነው። ቱቦውም እንደ ደንቡ ይሰበራል።"

"እየሠራ?"

"ፕሮፌሰር፣ በስሌቱ መሠረት እኮ ከሃያ ስድስት ዓመት በፊት ሞቷል" አለ ኬብሮን፣ በሐዘኔታ።

ይህ ቃል ከእሱ የመጣ አይደለም። በ2092 ዓ.ም. አንድ ኮሚቴ ተቀምጦ ሙከራ ብክነት ነው ብሎ ወሰነ። ሊታወቅ የሚገባው ታውቋል፤ የቀረውን ስሌቱ ያውቀዋል፤ ስሌቱ ራሱ አላውቅም ካላለ በስተቀር ማንም ሰው ምንም ነገር እንዲሞክር አይፈቀድም። ከኮሚቴው አባላት መካከል በዕድሜው አንድ ጊዜ የፓምፕ ዘይት የቀየረ ሰው አልነበረም። መሣሪያ እጃቸው ላይ ፈንድቶባቸው አያውቅም፤ ስለዚህ የማያውቁት ነገር እንዳለ የሚነግራቸው አልነበረም። ከዚያን ቀን ወዲህ ባሉት ሃያ ዓመታት ስሌቱ አንድም ጊዜ አላውቅም ብሎ አያውቅም። የሚቃረነው ነገር ሲመጣ የልኬት ስህተት ይለዋል። በሃያ ዓመት አንዴም ያልተሳሳተ ነገር ሲያዩ ሰዎች መፍራት ሲገባቸው አጨበጨቡ።

ውዳላት በእግሯ ወደ ለገሃር ወረደች። ቤተ ሙከራው የድሮው የባቡር ጥገና ቤት ጥግ ላይ ነው፤ ጣሪያው ቆርቆሮ፣ ውስጡ እንደ ምድጃ። በር ላይ ወተት ሻጯ ሂቦና ሁለት ሌሎች ሴቶች የግመል ወተት በጀሪካን ይዘው በጥላው ተቀምጠዋል።

"መጣች" አለች ሂቦ። "ወተቱ ሊያረጅ ነው፣ እሷ ትሽኮረመማለች።"

"ቢሮ ይዘውኝ ነው።"

"ቢሮ አግቢያ ታዲያ።"

ወተቱ በሙከራ ጭነትነት ነበር የተጀመረው። ከምት በኋላ የሚለቀቀውን ኃይል የሚቀበል ፈሳሽ ያስፈልግ ነበርና ውዳላት ከሂቦ ሃያ ሊትር ወተት ገዛች። ሂቦ ወተቱን መልሳ ወሰደችውና ለአራት ቀን ሳይበላሽ ቆየላት፤ ሳይፈላ፣ ጣዕሙ ሳይለወጥ። ምቱ የሚያበላሸውን ተሕዋስ ብቻ ገድሎት ነበር። ከዚያ ወዲያ የመጋላ ሰፈር ሕፃናት ግማሽ ያህሉ በዚህ ወተት አደጉ። በስሌቱ ዘንድ ወተቱ ዛሬም የሙከራ ጭነት ነው።

ኢድሪስ ውስጥ ነበር። ሰባ አራት ዓመቱ ነው፤ ቀጭን፣ ሽርጥ የታጠቀ፣ አባቱም አያቱም እዚሁ ግቢ ባቡር ሲጠግኑ የኖሩ። መስታወት ነፊ ነው። ሠላሳ አንዱንም ቱቦ የነፋው እሱ ነው፤ በማንኛውም ፋይል ላይ ግን "ረዳት" ከሚለው ቃል በቀር የለም። ረዳት ደግሞ አያስረክብም። የሚያስረክበው ነገር የለውም ተብሎ ነው። ካለፈው ዓመት ወዲህ ቀኝ እጁ ይንቀጠቀጣል።

ውዳላት መጀመሪያ ድሬዳዋ ስትመጣ ይህ ሰው በመጀመሪያው ቀን "አንቺ፣ ያንን አትንኪ" ብሏት ለአንድ ሳምንት ተቀይማ ነበር። ደብረ ማርቆስ ዶክተርን አንቺ የሚል የለም። ድሬ ግን ሁሉም አንቺ ነው። አሁን እርስዎ ቢላት ታሟል ብላ ሐኪም ትጠራለታለች።

"ፕሮፍ፣ ነይ" አላት።

እዚህ ቤት አንድ ልማድ አለ። ካፓሲተር ባዶ ሆነ ተብሎ አይታመንም፤ ጉልበቱን ለቆ ከጨረሰ በኋላም ብቻውን ከተተወ ከውስጡ ተደብቆ የቀረው እየወጣ መልሶ ይሞላል፣ የነካውንም ይገድላል። ስለዚህ ማንም ብቻውን አይነካውም። አንዱ በረጅም እንጨት ጫፍ የታሰረውን የመዳብ ሜንጦ ያስነካና "ተኝቷል" ይላል። ሌላው በዓይኑ አይቶ "ተኝቷል" ብሎ ይመልሳል። መልስ ካልመጣ እጅ አይገባም። ለአርባ አንድ ዓመት እንዲህ ነው የኖሩት፤ ኢድሪስ ሚስቱን በቀበረ ማግስት እንኳ ቃሉን ተቀባብለዋል።

"ተኝቷል" አለ ኢድሪስ።

"ተኝቷል።"

የወተቱን ቧንቧዎች አገናኙ፣ ወተቱን ለቀቁ፣ ሁለት መቶ ስልሳ ምት ቆጠሩ። ሂቦና ሴቶቹ ጀሪካናቸውን ይዘው ሄዱ። ውዳላት በብረት ወንበሯ ላይ ተቀምጣ ሰኞ ምን እንደሚሆን ነገረችው። ኢድሪስ ሠላሳ አንድን በጨርቅ ይወለውል ነበር፤ አላቋረጠም።

"ሙሉ ስም ይሰጡሻል?"

"ይሰጡኛል።"

"ያዢዋ አቦ። አንቺ የማይገባሽ ማን ይገባዋል? ወተቱን ሴቶቹ እንደ ድሮው ያፈሉታል።"

"ቱቦውን ይሰብሩታል እኮ።"

ይህን ጊዜ ጨርቁ ቆመ። ከዚያ ቀጠለ። "መስታወት ነው። መስታወት ይሰበራል።"

ውዳላት ወንበሯን ወደ እሱ አስጠጋች። ከዚያ "ኢድሪስ፣ አንድ ነገር ዋሽቻለሁ" አለችው። "ሠላሳ አንድ በተጋገረ ጊዜ።"

"እሱን አታንሺ።"

"ላነሳው ነው።"

"ታርቀናል እኮ። የታረቀ ነገር አይነሳም፤ ሂቦ ፊት ነው ቃል የገባነው።"

እውነቱን ነው። በ2085 ዓ.ም. ውዳላት ከአዲስ አበባ ደብዳቤ ደረሳት፤ ገና እየተቋቋመ የነበረው ማዕከለ ስሌት ነይና አብረሽን ሥሪ አላት። ለኢድሪስ አልነገረችውም። ከወተት ሴቶቹ ሰማ። "እንግዲህ በሰላም ግቢ" አላት፤ ሌላ ቃል አልተነፈሰም። ሠላሳ አንድ ያን ቀን ምድጃው ላይ ወጥቶ ነበር። ተኮራረፉ። እሷ በጠዋት ብቻ መምጣት ጀመረች፣ እሱ በማታ ብቻ። ሠላሳኛው ቱቦ ሞቶ ስለነበር ወተቱም ቆሟል። በዘጠነኛው ቀን ሂቦ ሁለቱንም በአንድ ሰዓት አስጠርታ "ባልና ሚስት ብትሆኑ ኖሮ በፈታችሁና በተገላገልን" ብላ አስታረቀቻቸው፣ ያለፈውንም ዳግመኛ እንዳያነሱ አስማለቻቸው። ውዳላት አዲስ አበባ አልሄደችም። ስለ ዘጠኙ ቀን ከዚያ ወዲህ አንድም ቃል አልተነጋገሩም።

"ደብተሩ ላይ ሦስት ቀን ብዬ ነው የጻፍኩት" አለች።

"ዘጠኝ ነበር እኮ።"

"አውቃለሁ። ዘጠኝ ብዬ ብጽፍ ለምን ሆነ ይሉኛል። ረዳቱ አኩርፎ ምድጃውን ረሳው ልበል? ያኔ ሰው በምን ያባርሩ እንደነበር ታውቃለህ።"

ኢድሪስ ጨርቁን አስቀመጠ።

"እኔ ረሳሁት?"

"አልረሳኸውም?"

"አንቺ ነሽ እንጂ የረሳሽው! እኔማ በየቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ እየመጣሁ ሙቀቱን ዝቅ ሳደርግልሽ ነው የከረምኩት። አራት መቶ ላይ ትተሽው ትሄጃለሽ። መጋጠሚያው እንዳይሰነጠቅ ብዬ ነው። አንቺን ባኮርፍሽ ቱቦው ምን አደረገኝ?"

ውዳላት ከወንበሯ ተነሳች። "ዝቅ ታደርገው ነበር? ወደ ስንት?"

"መቶ ሃምሳ።"

"በየቀኑ?"

"በየቀኑ።"

"ኢድሪስ" አለች፣ ቀስ ብላ። "እኔ እኮ በየጠዋቱ እየመጣሁ ከፍ አደርገው ነበር። መቶ ሃምሳ ላይ ሳገኘው፣ ይኼ ሰውዬ በንዴት ሥራውን ሊገድለው ነው እያልኩ ወደ አራት መቶ እመልሰው ነበር።"

ተያዩ። ከውጭ የባጃጅ ድምፅ አለፈ። መጀመሪያ የሳቀው ኢድሪስ ነው፤ ሳቁ ወደ ሳል ተለወጠ፣ ከሳሉ በኋላም ሳቀ። ውዳላት አልሳቀችም። ጣቶቿን ትቆጥር ነበር። ዘጠኝ ጊዜ ሞቋል፣ ዘጠኝ ጊዜ በርዷል። ዘጠኝ ጊዜ ሰፍቶ ዘጠኝ ጊዜ ጠቧል፤ ሳንባ እንደሚተነፍስ፣ በእያንዳንዱ እስትንፋስ ከቆዳው ሥር የደበቀውን እየተፋ። እገዳው እስኪመጣ ድረስ በሦስት አህጉር ሰዎች በሦስት ቀንና ባልተለዋወጠ ሙቀት ሲሞክሩት የከሸፈባቸው ለዚህ ነው። ተረካቢው ሰማንያ ስምንት ቀን ጠይቋት ያላገኘው ለዚህ ነው። ግማሹ እሷ ዘንድ ነበር፤ ግማሹ ደግሞ ማንም ወንበር ያልሰጠው ሰው ዘንድ።

"ቆይ" አለች። "በሦስተኛው ቀን ማታ ልታወርደው ትችል ነበር። ጊዜው ደርሶ ነበር። ለምን ተውከው?"

ኢድሪስ አቀረቀረ። የሚንቀጠቀጠውን እጁን በሌላው ያዘው።

"ካወረድኩት ቱቦሽን ይዘሽ ትሄጃለሽ። ምድጃው እስከሞቀ ድረስ አለች ብዬ ነዋ።" ከዚያ ቀና አለ። "አንቺስ? አንቺም በጠዋት ማውረድ ትችዪ ነበር።"

"ሹራቤን እዚህ ወንበር ላይ ትቼ ነበር የምሄደው። ዘጠኙንም ቀን።"

"በድሬ ሙቀት ሹራብ ምን ይሠራል ብዬ ነበር።"

"እንድታየው ነው።"

"አይቼዋለሁ" አለ ኢድሪስ።

ከዚያ ሁለቱም ወደ ቱቦው ዞሩ፤ ወደ እሱ ማየት ይቀል ነበር።

በሰማንያ ዘጠነኛው ጠዋት ውዳላት የብረት ወንበሩን ተሸክማ ወደ ከዚራው ቢሮ መጣች። ኢድሪስ ንጹሕ ሽርጥ ታጥቆ ከኋላዋ ነበር።

"ፕሮፌሰር፣ አንድ አስረካቢ አንድ ወንበር ነው" አለ ኬብሮን።

"አስረካቢው አንድ ነው። ሁለት ሰው ሆኖ ነው የመጣው።"

"ደንቡ..."

"ደንቡ ላይ ወንበር ማምጣት የሚከለክለውን አንቀጽ አሳየኝ፣ እመለሳለሁ።" ድምጿ ከፍ አላለም። ኬብሮን ፈለገ፤ አልነበረም። እንዲህ ያለ ሰው ይመጣል ብሎ ያሰበ አልነበረም።

ተረካቢው "ሁለት ድምፅ ይሰማል" አለ፣ በውዳላት ድምፅ። ውዳላት ስለ ጠዋቱ ተናገረች። ኢድሪስ ስለ ማታው ተናገረ፤ መጀመሪያ እየፈራ፣ ኋላ እጁን እያወናጨፈ። 

"ይህ የሥራ ደብተሩን ይቃረናል" አለ ተረካቢው። "ማሻሻያው ከተመዘገበ በዚያ እጅ የተጻፈ ሁሉ ያልተረጋገጠ ይባላል። አርባ አንድ ዓመት። ሙሉ ስም አይሰጥም። ማሻሻያው ይመዝገብ?"

ጥያቄው በራሷ ድምፅ ነበር፤ ከልቧ የመጣ ይመስል። ኢድሪስ ክንዷን ነካ አደረጋት።

"እምቢ በይ" አላት በሹክሹክታ። "ወላሂ እምቢ በይ። ስምሽ ነው።"

ውዳላት ስሙን አሰበችው። በማታውቀው አገር፣ በማታውቀው ቤት ግድግዳ ላይ ሲጠራ ሰማችው። ሦስት ቀን በሚል ውሸት ላይ ቆሞ ለዘላለም ሲጠራ። ከዚያ ስለ ሂቦ የልጅ ልጅ አሰበች፤ ባለፈው ሳምንት በር ላይ ቆሞ ወተት ሲጠጣ አፍንጫውን ያስነካውን።

"ይመዝገብ" አለች።

ተረካቢው ሲመልስ ድምፁ ተለወጠ። የመጀመሪያው ወር ድምፅ፣ የማንም ያልሆነው ተመለሰ። ካልተረጋገጠ ፋይል ድምፅ መዋስ አይፈቀድም። ውዳላት በዚያች ቅጽበት ሳታስበው ጉሮሮዋን ዳሰሰች።

"ዘጠኝ ቀን ባልተለዋወጠ ሙቀት ቢሆን ስልሳ ሺህ ምት" አለ ድምፁ። "ዘጠኝ ጊዜ ከፍና ዝቅ ለሚል ሙቀት መረጃ የለም። ስሌት የለም። ሙከራ ያስፈልጋል።"

ኬብሮን በሩ ላይ ቆሞ ይሰማ ነበር። የሙከራ ፈቃድ ቅጽ ፍለጋ ሁለት ሰዓት ፈጀበት፤ ሲያገኘው ወረቀቱ ቢጫ ሆኗል። እያንዳንዱን መስመር ጣቱን እያስኬደ አነበበው።

"ሙከራው እስኪያልቅ ቤቱ አይፈርስም ይላል" አለ። "ማለቂያው ቆጣሪው ሁለት ሚሊዮን ሲደርስ ነው። ይህ... ሃያ ሰባት ዓመት ነው።"

"እኔ መቶ አንድ ዓመት ይሆነኛል" አለ ኢድሪስ። "ግድ የለም፣ ቀስ እያልን እንቆጥራለን።"

"ደግሞ አሠራሩ ሳይለወጥ ይደገም ይላል።" ኬብሮን ፊቱ ቀላ። "እንግዲህ... መገናኘት የለባችሁም። የትኛው ክፍል እንደሚያስፈልግ ስለማይታወቅ፣ ኩርፊያውም ይካተታል።"

ሠላሳ ሁለተኛው ቱቦ ተሠርቶ ነበር። ኢድሪስ እጁ ሳይታመም፣ እገዳው ከመምጣቱ በፊት የነፋው ነው፤ በጨርቅ ተጠቅልሎ ሃያ ዓመት መደርደሪያ ላይ ኖሯል። በጓንት አወረዱት፣ ፓምፑ ላይ ገጠሙት፣ ምድጃውን ዘጉበት። ከዚያ እንደ ደንቡ ተለያዩ።

ውዳላት በየጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ እየመጣች ማዞሪያውን ወደ አራት መቶ ትመልሳለች። ሙቀቱን ትጽፋለች። የወተቱን ሥራ ከሂቦ ጋር ትሠራለች፤ "ተኝቷል" የሚለውን ሂቦ ትመልስላታለች፣ እንደማታምን ሰው ካፓሲተሩን በጎን እያየች። ከዚያ ሹራቧን ወንበሩ ላይ ትታ ትሄዳለች። በሁለተኛው ጠዋት ሹራቡ ተጣጥፎ፣ በላዩ በወረቀት የተጠቀለለ ጣፋጭ ሙሸበክ ተቀምጦ አገኘችው። በአራተኛው ጠዋት ሙሸበኩ ግማሽ ነበር።

"ሰውዬው የሚያኮርፈው እየበላ ነው" አለች ሂቦ።

"ሙከራ ላይ ነን፤ አታስቂኝ።"

"ማኮረፍ እንኳ አታውቁበትም። ያኔ እውነተኛ ነበራችሁ።"

በስድስተኛውና በሰባተኛው ቀን ውዳላት ልታኮርፈው ሞከረች። መንገድ ላይ በድሮ ነገር ልትቀየመው ፈለገች፤ ያገኘችው ሁሉ አሳቃት። ቤቷ ምሽቱ ረዘመባት። ዘጠኝ ቀን በአርባ አንድ ዓመትና በስልሳ ስምንት ዓመት እኩል አይደለም።

በዘጠነኛው ጠዋት በሩን ስትከፍት ሙቀቱ ፊቷን መታት። ማዞሪያውን አየች። አራት መቶ ላይ ነው፤ ትናንት ጠዋት እንደተወችው።

ማታ ማንም አልመጣም ማለት ነው።  መጀመሪያ ያሰበችው ስለ ቱቦው አልነበረም።

"እዚህ ነኝ" አለ ኢድሪስ።

ከምድጃው ጎን፣ በብረት ወንበሩ ላይ ተቀምጧል። ሹራቧ ጉልበቱ ላይ ነው።

"ማታ መጣሁ" አለ። "እጄ እምቢ አለኝ። ማዞሪያው ጠንክሯል፣ እኔ ደግሞ እንደምታዪው። ደጋግሜ ሞከርኩ። ሰው ልጥራ አልኩ፤ ማንን እጠራለሁ? አንቺን እንዳልጠራ ተከልክያለሁ። ቁጭ ብዬ ጠበቅኩሽ።" እጁን ሹራቡ ውስጥ ደበቀው። "አበላሸሁብሽ፣ ፕሮፍ።"

ውዳላት ጎኑ ተንበርክካ እጁን ከሹራቡ አወጣችው።  ይዛ አስነሳችው፣ መዳፉን ማዞሪያው ላይ አስቀመጠች፣ የራሷን በላዩ ጫነች። አብረው አዞሩት። መቶ ሃምሳ።

"እንግዲህ እንደ ሠላሳ አንድ አይደለም" አለ ኢድሪስ።

"አይደለም።"

"ይሠራል?"

"አላውቅም" አለች ውዳላት። ዘጠና ቀን ሙሉ እንደ ጥፋት ስትናገረው የከረመችው ቃል ነበር። አሁን ስትለው ፈገግ አለች።

ምድጃው ቀስ እያለ ሲበርድ ብረቱ ቀጭ ቀጭ ይል ነበር። ደብተሩን አወጣች። ሠላሳ አንድ የሚለውን ገጽ ገልጣ ሦስት የሚለውን ሰረዘች፣ ዘጠኝ ብላ ጻፈች፣ ፈረመች። ከዚያ ወደ አዲሱ ገጽ ተሻገረች።

"ምን እያልሽ ነው?" አላት።

እየጻፈች አነበበችለት፦

"ዘጠነኛ ቀን። ሙቀቱ ዝቅ ያለው በማታ ፈንታ ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ከሩብ ላይ ነው። ያዞሩት ሰዎች ሁለት ናቸው፤ ኢድሪስ አብዱረህማንና ውዳላት አየነው። ኩርፊያ አልነበረም።"